ለደሴ ብርድ የተሰናዳ ማሽን

ልጄ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብር ነበር። ደሴ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ራሱ የቀረጸውንም ሌሎች የሚያመጡለትንም እዚያ ይሠራል። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ነው። ሥራው ሲበዛ ማሽኑ ዘገየበት፤ አዲስ መግዛት ስላልቻለ የዚያኑ ማሽን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ አደረገው። ኦቨርክሎክ ይሉታል።

«አይቃጠልብህም?» አልኩት።

«በጉልበት ከሆነ ይቃጠላል። በማባበል ነው እማዬ።»

ሲያባብለው አይቻለሁ። መጀመሪያ ትልቅ ማቀዝቀዣ ገጠመለት፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ። ከዚያ ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ያደርግና ከባድ ሥራ ሰጥቶት ሙቀቱን እየተከታተለ ይቀመጣል። ከጸና ጥቂት ይጨምራል፤ ከተንገዳገደ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቮልቴጁን ግን ከልክ አያሳልፍም፤ ፕሮሰሰር የሚገድለው እሱ ነው ይል ነበር።

«ለበቅሎም እንዲህ አይጠነቀቁላትም» አልኩት አንድ ቀን።

«በቅሎ ቢሆን አንቺን ጭኜ ቆላ ሐርቡ ድረስ አወርድሽ ነበር» አለኝ።

የደሴ ብርድ ረድቶታል። እኔ ጋቢ ደርቤ ስንቀጠቀጥ እሱ ለማሽኑ ብሎ መስኮት ይከፍታል። ለራሱ ግን አገሩ አልተስማማውም። ልቡ ከልጅነቱ ጀምሮ ታማሚ ነበር። ሐኪሙ ከፍታው ይጎዳሃል፣ ወደ ቆላ ውረድ አለው። ሚስቱ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል አዘጋጁልን።

«የሰርጉ ወቅት ይለፍ» አለ። «ደግሞ ይሄ ማሽን የኮምቦልቻን ሙቀት አይችልም። እንደገና ከሥር ልፈትሸው ነው።»

ወቅቱ ሳያልቅ ሞተ።

ከአርባው በኋላ እኔና ሚስቱ ኮምቦልቻ ወረድን። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጭኗ ላይ እንዳደረገች ነው ያን ቁልቁለት የጨረሰችው። ሥራውን አጠገቡ ተቀምጣ ተምራለች። ሳይጠናቀቅ የቀረ የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ነበር፤ ባለቤቶቹ የደጋን ከተማ ሰዎች ናቸው። ለቅሶ መጥተው አብረውን ሲቀመጡ ስለ ቪዲዮው አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይሉኝታቸው ከበደኝ። በእኛ ዘንድ የሟች አማና ይወጣለታል፤ የሰው አደራ እንደያዘ አይተውም።

እሷም ይህን ታውቃለች። ግን ሥራው አጋማሽ ሲደርስ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። ታስነሳዋለች፤ ደግሞ ይጠፋል። ወለሉን ውኃ ረጭታ ሞከረች፣ ጎኑን ከፍታ ቬንቲሌተር ደቅና ሞከረች። አልሆነም። በመጨረሻ እዚያው ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አስጠራን።

ሰውየው ከፈተው፣ አሠራው፣ ሙቀቱን አየ።

«ያሰናዳው ሰው እጁ ይባረክ፤ ወላሂ ሸጋ አድርጎ ነው የሠራው» አለ። «ግን ለደሴ ነው የለካው። ኮምቦልቻ ውስጥ እንኳን ኮምፒውተር፣ እኛም እኩለ ቀን ላይ እንጠፋለን።»

ማናችንም አልሳቅንም። ግራ ገብቶት አቀረቀረ።

«ምን ይሻላል?» አልኩት።

«ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መመለስ ነው እማማ። ይዘገያል እንጂ አይጠፋባችሁም።»

ምራቴ ኮምፒውተሩ ላይ እጇን ጫነች።

«አይነካም። እሱ እንዳደረገው ይቀመጥ። አፈር ስሆን እማዬ፣ ይተዉልኝ። ደሴ ወስጄ እጨርሰዋለሁ።»

«ደሴ የት? ክፍሉ ሰው ገብቶበታል።»

«መስኮት ያለበት ይሁን እንጂ የትም።»

«የት ልታድሪ?»

ሰውየው ሊያስታርቀን ፈልጎ፣ «የሱን የፍጥነት ቁጥሮች እዚሁ ማስቀመጥ ይቻላል እኮ፤ ደሴ ስትመለሱ ትመልሱታላችሁ» አላት።

«አንመለስም» አለች። ይህን ስትናገር ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ልጁ የእኔ ስለሆነ ቃሉም ከእኔ ይጠበቃል።

«የደጋን ሰዎች ደጃችን መጥተው አይጠይቁንም» አልኳት። «እሱ ግን አላህ ዘንድ ይጠየቅበታል። አብሽሪ።» ከዚያ ወደ ሰውየው ዞርኩ። «መልሰው ልጄ።»

እጇን አነሳች። ልጄ ስንት ጊዜ እየፈተሸ፣ እየተመለሰ የወጣውን ሰውየው በአንድ ጊዜ አወረደው። ሻይ እንኳ ሳይፈላለት ጨርሶ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አልጠፋም። እሷ ስትሠራ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ሰርጉን አየሁ። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ዘመዶቿ ተሰብስበው ሲቆሙ፣ ከካሜራው በስተጀርባ ድምፁ መጣ።

«ከኋላ ያላችሁ ጠጋ በሉ! እትዬ፣ ባለ አረንጓዴ ሻርፗ፣ ሙሽራዋን ጋረዷት እኮ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀና አሳለው።

ምራቴ ምስሉን አቆመችው።

«የራሱን ድምፅ ሁልጊዜ ይቆርጠዋል» አለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። ልተወው ወይ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

«የሰው ሰርግ ነው» አልኳት።

ምስሉን ወደ ኋላ መለሰችው።

«አንድ ጊዜ ደግሜ ልክፈተው?»

«ክፈቺው።»

ሰማነው። ከዚያ ቆረጠችው።