ከሳይክል የሚወረድበት መንገድ

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «እማዬ፣ እስቲ እነዚህን እዪልኝ» አለችኝ። ፈረንሳይ አገር ነው። ጎልማሳ ጎልማሳ ሰዎች ሳይክል ላይ ተቀምጠው፣ አስፓልቱን ትተው፣ ሆን ብለው ኮረኮንቹን ይዘው በስንዴ ማሳ መሃል ይነዳሉ። ለመዝናናት ነው አሉ! ቡሬ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳቄን ለቀቅሁት። እኛ አስፓልት አጥተን የተንገላታንበትን እነሱ ከአስፓልት ሸሽተው ይፈልጉታል። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ክርሽም ክርሽም ሲል ስሰማ ግን ሳቄ ቆመ። ድምፁ ያው ነው።

መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ ውሻቸውን አስከትለው ይሄዳሉ። ሳይክለኞቹ እጃቸውን አውለብልበውላቸው እልፍ አሉ።

«አይወርዱም እንዴ?» አልኩ።

«ለምን ብለው ይወርዳሉ?» አለች ልጄ ገርሟት።

እንግዲህ ይህን የሚያስረዳልኝ አባቴ ነበር። እሱ ደግሞ የለም።

ልጅ እያለሁ አባቴ ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ወደ ቋሪት በሚወስደው መንገድ፣ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እናቴ በጠዋት ሥራ ስለምትገባ እኔንም እዚያው አስመዘገበኝ። በየማለዳው ከሳይክሉ ኋላ እቃ መጫኛው ላይ አሮጌ ጋቢ አጥፎ ያስቀምጠኛል፤ የፈረስ ጋሪዎቹን በጥሩምባ ፋንታ በአፉ እያፏጨ አልፎ ኮረኮንቹን ይይዛል። ከዚያ በኋላ እኛና መንገዱ ብቻ ነን። ኑግ ሲያብብ ግራ ቀኙ ቢጫ ይሆናል፤ ንቡ ጆሮዬ ሥር ይጮሃል። በርበሬ በየደጁ በሚሰጣበት ወራት ደግሞ ሽታው ያስነጥሰዋል፣ ባስነጠሰ ቁጥር ሳይክሉ ይንገዳገዳል፣ እኔ ወገቡን አንቄ እስቃለሁ። ሸሚዙ የሳሙናና የጠመኔ ሽታ ነበረው። ዛሬም ጠመኔ ሲሸተኝ ሆዴ ይባባል።

እንዲህ ስል መንገዱ ፈጥኖ የሚያልቅ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ይወርድ ነበር። በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፣ ሽማግሌ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ለቅሶኛ ሲያጋጥመው ይወርዳል። አባቴም «አምላክ ከፈጠራት በቅሎ ተወርዶ ከብረት ላይ የማይወረድበት ምን ምክንያት አለ?» ይል ነበር። ሚካኤል ስንደርስ ይወርዳል፤ ይሳለማል፤ እኔንም ያሳልመኛል። ገና ፔዳሉን ሁለቴ እንደመታ ውኃ የሚወርዱ እናት ይመጣሉ፤ ይወርዳል። የበሬው፣ የጥጃው፣ የልጆቹ ደኅንነት ሁሉ ይጠየቃል። ሰዎቹም ተቀምጠው ከሆነ ብድግ ይላሉ፤ ለሚወርድ ሰው መነሳት ግድ ነዋ! እኛ ስንደርስ ተማሪው ተሰልፎ ጨርሶ፣ ባንዲራ ሰቅሎ፣ ክፍል ገብቶ ይጠብቀናል። ዳይሬክተሩ ስንቴ ተቆጡት! አባቴ ግን ወይ ፍንክች።

የማይወርድበት አንድ ደጅ ብቻ ነበር፤ የገዛ ወንድሙ ደጅ።

ታላቅ ወንድሙ አያ ስመኘው ቤታቸው ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከትልቁ ዋርካ ቀጥሎ፣ ከመታጠፊያው ማዶ ነበር። በፊት በፊት ስናልፍ ትከሻቸው ላይ አውጥተውኝ ከጓሯቸው ኮክ ያስቀጥፉኝ ነበር። ኋላ ከአባታቸው በወረሱት መሬት፣ በአባቴ ድርሻ ላይ፣ ሳይጠይቁት ባሕር ዛፍ ተከሉበት። ተቀያየሙ። ሽማግሌ ተላከ። አባቴ «ሳይጠይቀኝ የተከለ እሱ ነው፣ እሱ ይምጣ» አለ። አያ ስመኘው ደግሞ «ታናሽ ነው የሚወርድ» ብለው መለሱ። በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ዋርካውን ስናልፍ አባቴ አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን ይደበድበዋል። አያ ስመኘው ደጃቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይሆናል። የሳይክሉን ድምፅ ሲሰሙ ብድግ ይላሉ፤ እኛ እልፍ ስንል መልሰው ይቀመጣሉ። አባቴ አያይም፤ ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ የማየው። እንዴት አንጀቴን ይበሉኝ እንደነበር! በዚያ ዕድሜዬ ሌላው ልጅ ጫማ ይመኛል፣ እኔ የምመኘው አባቴ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ እዚያ ደጅ እንዲወርድ ነበር። ለሚካኤልም ነግሬዋለሁ።

ከፍ ስል ሳይክል መንዳት ለመድኩ። ኮርቻው ላይ ስለማልደርስ እግሬን በብረቱ መሃል አሾልኬ፣ ወገቤን አጣምሜ ነበር የምነዳ። ማታ ስንመለስ ከሚካኤል እስከ ዋርካው ያለውን አባቴ ለእኔ ተወልኝ፤ እሱ በእግሩ ይከተለኛል። ዋርካው ጋ ስደርስ ቆሜ ጠብቄ ሳይክሉን አስረክበዋለሁ። ከዚያ ያለችውን መንገድ እሱ ነው የሚያውቅ፤ አንገት ደፍቶ ማብረር ነው።

አንድ የሰኔ ቀን ግን ዋርካው ጋ ስደርስ ፍሬኑን ብጨብጠው እሺ አላለኝም። ደግሜ ጨበጥኩ፤ ወይ ንቅንቅ። ከኋላዬ አባቴ ስሜን እየጠራ ሲሮጥ ይሰማኛል። ቁልቁለቱ ይዞኝ ወረደ፤ ዋርካውን አለፍኩ፤ መታጠፊያውን እንዴት እንደታጠፍኩ አላውቅም። እግሬን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ስሄድ መንገዱ ለጥ አለና የሳይክሉ ፍጥነት በረደ። ቀና ስል አያ ስመኘው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ሞፈር ይጠርባሉ። አዩኝ። መጥረቢያውን አስቀምጠው ብድግ አሉ።

መንገዱ ሜዳ ነው፣ ማለፍ እችል ነበር። የተነሳልኝን ሰው አልፎ መሄድ ግን አላስተማረኝም አባቴ። ወረድኩ።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ» ብዬ ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ አልኩ።

ቀና አደረጉኝ። «ማስቴ! አንች ነሽ? ምነው እንዲህ ተመዘዝሽ እቴ!» አሉና ዓይናቸው ወደ መታጠፊያው ሄደ። «አባትሽስ?»

«ከኋላዬ ነው።»

ሁለታችንም መታጠፊያውን እናይ ጀመር። አባቴ አቧራ ለብሶ፣ እያለከለከ ብቅ አለ። እኔን በደኅና ቆሜ ሲያየኝ እፎይ አለ፤ ከጎኔ ያለውን ሲያይ ደግሞ ባለበት ቆመ። ሳይክሉ እኔ ጋ ነው። የሚያበርረው የለ፣ አንገቱን የሚደፋበት መሪ የለ። በእርሻው አቋርጦ መሄድ ግን ይችላል፤ አንዴ ወደዚያ አየም። ሚካኤል ድረስልኝ አልኩ በሆዴ።

አያ ስመኘው ሳይክሉን ከእጄ ወስደው ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። «ይኸ እኮ ልል ነው» አሉ ወደ አባቴ ሳያዩ። «በዚህ ልጅ ይሰደዳል?»

አባቴ ቀስ እያለ መጣ። አጠገባችን ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንዴት ዋልህ፣ አያ» አለ።

«እግዜር ይመስገን። ፒንሳ አለ እቤት፤ ግባ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ዕርቁ ይኸው ነበር። እስኪመሽ ሳይክሉን ገልብጠው፣ ሁለቱም ቁጢጥ ብለው ስለ ፍሬን ብቻ አወሩ። የባሕር ዛፉን ነገር ያነሳ የለም። እኔ ገና ያልበሰለ ኮክ ቀሚሴ ሙሉ ይዤ እየገመጥኩ፣ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያም ደጅ መውረድ መጣ፤ እናቴም በማምሸታችን ጮኸች፤ ማን ሰምቷት!

ዛሬ ያ መንገድ ሰፍቷል። ባጃጁ አቧራውን እያጨሰ ይበራል፤ የሚወርድም፣ ወርዶ በሬ እንዴት ሰነበተ የሚልም የለም። አባቴ ካረፈ ሰንብቷል። መቃብሩ ሚካኤል ነው፤ አፈሩን ያለበሱት አያ ስመኘው ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ከመቃብሩ መልስ ልጠይቃቸው በባጃጅ ስሄድ ገና ከመታጠፊያው አየኋቸው። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ የሰውም ነገር ይምታታባቸዋል። ያችው ድንጋይ ላይ ናቸው። ከፊታችን ያለው ባጃጅ ሲቃረብ በምርኩዛቸው እየተረዱ ብድግ አሉ። አለፋቸው። ተቀመጡ። የእኛን ድምፅ ሲሰሙ ደግሞ እንደገና መነሳት ጀመሩ።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ ደንግጦ ቆመ።

ጉልበታቸውን ስስም ድምፄን አወቁት። ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳሰሱና ዓይናቸውን ወደ መታጠፊያው መለሱ።

«አባትሽስ?» አሉኝ።

እኔም ወደ መታጠፊያው ዞርኩ። «ከኋላዬ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው አልቀመጥም» አሉና ምርኩዛቸውን አጥብቀው ቆሙ። እኔም አብሬያቸው ቆምኩ።