የትንሿ ፑሊ ጦስ

ታክሲ ተራው ላይ ሹፌሩን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ቀስ በቀስ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣለት ተራ አስከባሪው ነው። ከታችኛው ሰፈር ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ እስከ ሆስፒታሉ ደጃፍ የሚወጣው ዳገት ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። የሹፌሩ አሮጌ ታክሲ ሰው ጭና ዳገቱን ስትጀምር ታቃስታለች፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ደግሞ ከእግረኛ ጋር እኩል ትሄዳለች።

«ቀስ በቀስ ሊወጣ ነው፤ የቸኮለ ካለ ከአሁኑ ይውረድ» ይላል ተራ አስከባሪው። ተሳፋሪው ይስቃል። አንዳንዱም እውነቱን ነው ብሎ ወርዶ ከኋላ ወዳለችው መኪና ይገባል።

ሹፌሩም አብሮ ይስቅ ነበር። ቤት ሲገባ ግን ሚስቱ ፊቱን አይታ «ዛሬም ሲቀልዱብህ ዋሉ?» ትለዋለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር በጥርሷ እየበጠሰች ነው የምትጠይቀው። 

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው የአባቱ ነው። አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከድንጋዩ የሚቦነው ዱቄት ሳንባቸው ውስጥ ተጋግሮ፣ ሲያረጁ ያለ ማሽን መተንፈስ አቃታቸው። ሆስፒታሉ ያዋሳቸው ማሽን ቁመቱ ከወንበር አይበልጥም፤ ከአየሩ ኦክስጅን አጣርቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫቸው ይልካል። ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። አባትየው «ጎረቤቴ» ይሉታል።

መብራት ሲጠፋ ሥራው የመኪናዋ ነው። ሹፌሩ መስኮቱ ሥር አስጠግቷት ሞተሯን ያስነሳና ኢንቨርተሩን ከባትሪዋ ጋር በመቆንጠጫ ያያይዘዋል። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር ትንሽ ሣጥን ነው። ገመዱ በመስኮት ይገባል፤ ማሽኑ እንደገና ማጉረምረም ይጀምራል። «ዛሬ ደግሞ በቤንዚን ልተነፍስ ነው?» ይላሉ አባትየው። ስንቴ እንዲህ አልፏል። ተራ ላይ የሚሳቅባት መኪና እቤት ውስጥ ባለውለታ ነበረች።

ነገሩ የተጀመረው ጋራዥ ነው። መካኒኩ እጁ የተባረከ፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ መኪና የሚወዳደር ሰው ነው። ሹፌሩ ዘይት ሊያስቀይር ሄዶ ስለ ዳገቱ ሲያማርር ሰማውና ኮፈኑን ከፈተው።

«ሞተርህ ምንም አልሆነ። ጉልበቱን የሚበሉበት እነዚህ ናቸው» አለው፣ ከሞተሩ ፊት የተዘረጋችውን የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋዋን፣ በጣቱ እየተከተለ። «ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ፣ የውሃ ፓምፑ፣ መሪውን የሚያቀልልህ ፓምፕ፣ ሁሉም በዚች ቺንጋ ነው የሚዞሩት። ቺንጋዋን ደግሞ የምታዞራት ይቺ የታችኛዋ ክብ ብረት፣ ፑሊዋ ናት። እሷን አውጥተን አነስ ያለች፣ ቀለል ያለች ብንገጥም እነሱ ዘግየት ብለው ይዞራሉ። የሚተርፈው ጉልበት ወደ ጎማ ይሄዳል።»

«ጉዳት የለውም?»

«እኔ በራሴ መኪና ላይ ገጥሜዋለሁ። ጉዳት ቢኖረው በገዛ መኪናዬ ላይ አደርገዋለሁ?»

አልዋሸውም። ግን የእሱ መኪና ሜዳ ላይ ትበራለች እንጂ አንድ ቦታ ቆማ ሞተሯ ሲሠራ አትውልም። ስለ አባትየው ማሽንም የሚያውቀው ነገር የለም። ሹፌሩም አልነገረው፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልታየውማ።

ፑሊዋ ተገጠመች። ለውጡ ትልቅ አልነበረም፤ ግን ነበረ። በማግስቱ ሁለተኛውን መታጠፊያ ማርሽ ሳይቀንስ ወጣው። ተራ አስከባሪው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «ምን አብልተሃት ነው?» አለው። ሹፌሩ የዚያን ቀን እያፏጨ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱም መርፌዋን አስቀምጣ ሳቀች።

ደስታው ሳይደበዝዝበት ትንንሽ ነገሮች መታየት ጀመሩ። መኪና ለማቆም ሲያዞር መሪው ይከብደዋል። መንገድ ተዘግቶ ሲቆም የፊት መብራቱ ይደክማል፤ የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራትም ብልጭ ትላለች። እግሩ ሥር ያለው ወለል ደግሞ ንብ የሰፈረበት ይመስል ይርገበገባል።

«ይቺ ቀይ ምንድን ናት?» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን አብራው ስትሄድ።

«ቆማ ስትሠራ ነው እንዲህ የምትለው። ነዳጅ ሲረገጥላት ትጠፋለች።»

እውነትም ረገጠና ጠፋች። ለእሱ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። በእነዚያ ሳምንታት መብራትም እንደ ወትሮው አልጠፋም፤ ቢጠፋም ወዲያው ይመለስ ነበር።

ያ ቀን ሲመጣ አባትየው ከጠዋት ጀምሮ አላማራቸውም። ሳል ጀምሯቸዋል፤ ገላቸው ያተኩሳል። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተቀደደ፤ ነፋሱ ቆርቆሮ እየገነጠለ ሲያልፍ መብራቱ ድርግም አለ። ማሽኑ ጮኸና ዝም አለ።

«መብራት እስኪመጣ ግቢ ውስጥ መጠበቅ አይሆንም» አለች ሚስቱ። «እያቸው እስኪ። ሆስፒታል እንውሰዳቸው።»

አባትየውን ደግፈው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የኢንቨርተሩ ሽቦ ከኮፈኑ ሥር ወጥቶ በመስኮት ገባ፤ ማሽኑን ሚስቱ በጉልበቶቿ መሃል ያዘችው። ማጉረምረም ሲጀምር ሦስቱም ተነፈሱ። ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። በዚያ ላይ መኪናዋ አሁን ዳገት ትችላለች፤ ሹፌሩ ይህንን ሲያስብ ልቡ ረጋ ብሎለት ነበር።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ቆሟል። ዳገቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ተገንድሶ መንገዱን ዘግቶታል። ከፊታቸው አውቶቡስ፣ ከኋላቸው የጭነት መኪና። ወደ ፊትም ወደ ኋላም መላወሻ የለም።

ዝናቡ ይወርዳል። የዝናብ መጥረጊያው ይሠራል፣ መብራቱ በርቷል፣ ማሽኑ ከባትሪው ይጠጣል፤ ሞተሩ ግን በዝግታ ነው የሚዞረው። ቀይዋ መብራት በራች። በዚህ ጊዜ ብልጭታ አይደለም፤ ቁጭ አለች። ሹፌሩ ነዳጅ ረገጠ፤ ጠፋች። እግሩን አነሳ፤ ተመለሰች። እንደገና ረገጠና እግሩን እዚያው ተወው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሙቀቱ ቀስት ሽቅብ መውጣት ጀመረ። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንትሌተር በደከመው ባትሪ ስለሚሠራ እየተንቀራፈፈ ነው፤ ከኮፈኑ ጠርዝ እንፋሎት ይወጣል።

የፊት መብራቱን አጠፋ። መጥረጊያውንም አጠፋ። መስታወቱ በውሃ ተሸፈነና ዓለም ከፊታቸው ጠፋች።

«ምን ሆና ነው?» አለች ሚስቱ።

«ፈላች።»

«አጥፋት በቃ፣ ትብረድ።»

«ካጠፋኋት አትነሳም። ባትሪው ሞቷል።»

«ካላጠፋሃትስ?»

 ቢረግጥ ሞተሩ ይቃጠላል፤ ቢተው አባቱ አየር ያጣሉ። እግሩ ፔዳሉ ላይ አንዴ ይረግጣል፣ አንዴ ይለቃል። ያን ጊዜ ነው ያቺ ፑሊ ትዝ ያለችው። የሚያብረቀርቀው አሉሚኒየም፣ የመካኒኩ ጣት፣ «የሚተርፈው ጉልበት» ያለው ቃል። ከማን ላይ እንደተረፈ አሁን ገባው። 

ሞተሩ አንዴ ተንገጫገጨና ጠፋ። ማሽኑ ትንሽ ጮኸ፤ ጩኸቱም እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ከዝናቡ ድምፅ በቀር የሚሰማው የአባትየው ትንፋሽ ነው፤ ገለባ ውስጥ እንደሚሳብ አየር ያፏጫል። ከንፈራቸው እየጠቆረ ነበር። የልጃቸውን ትከሻ ከኋላ ጨበጡ። ለመናገር የሚሆን አየር አልነበራቸውም።

«ሂድ፣ ሰው ፈልግ» አለች ሚስቱ። አማቷን ቀና አድርጋ ደረታቸውን እያሸች ነው። «አባባ፣ ወደ እኔ ይዩ። ቀስ ብለው ይሳቡ። አይዞዎት።»

ሹፌሩ ወጣ። መጀመሪያ ያገኛት ትንሽ መኪና ተቆልፋለች፤ ባለቤቷ ጥሏት በእግሩ ሄዷል። መስታወቷን በጡጫ መታው፤ ማንን እንደሚመታ እንኳን አያውቅም። ሌሎቹ ትንንሽ መኪኖች ከድልድዩ ማዶ ሩቅ ናቸው፤ አባቱን በዚያ ዝናብ እዚያ ድረስ ቢሸከማቸው እጁ ላይ እንደሚያልፉ ታወቀው። ተመልሶ የጭነት መኪናውን በር ደበደበ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከእንቅልፉ ባንኖ ብቅ አለ።

«ወንድሜ፣ አባቴ ሊሞትብኝ ነው። የሚተነፍስበት ማሽን አለ። ባትሪህን አውሰኝ።»

«ስንት ቮልት ነው የሚፈልገው?»

«አሥራ ሁለት።»

«የእኔ ሃያ አራት ነው፤ የአውቶቡሱም እንደዚያው» አለ ሰውዬው። «ብትሰካው ወዲያው ይቃጠላል።»

ሹፌሩ እዚያው ጎርፉ ላይ ቁጭ አለ። እንባውና ዝናቡ ተቀላቅሎ ይወርዳል፤ እሱ ግን ማልቀሱን አላወቀም። እንዲያው «እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እኔ ነኝ» ይላል።

ሰውዬው ወርዶ አጠገቡ ቆመ። ራሱን አከከ። «ቆይ እስኪ፣ ተነስ» አለው። «እኔ ጋ ሁለት ባትሪ ነው ያለው። ሃያ አራት የሚሆኑት ሁለቱ ተቀጣጥለው ነው። ከአንደኛው ብቻ ብንወስድስ?»

«ይሆናል?»

«አድርጌው አላውቅም። ግን መሆን አለበት።»

የባትሪውን ክዳን በመፍቻ ፈቱት። ሹፌሩ ኢንቨርተሩንና ማሽኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ተሸክሞ መጣ። መቆንጠጫዎቹን የሰካው ሰውዬው ነው። እሳት ብልጭ አለ።  ከዚያ ማሽኑ ጮኸና ማጉረምረም ጀመረ።

ሹፌሩ አባቱን አዝሎ አመጣ። ድሮ ጥርብ ድንጋይ ብቻቸውን ያነሱ የነበሩ ሰው እንደ ባዶ ጆንያ ቀለሉበት። ጋቢናው ውስጥ ሚስቱ አቅፋ ያዘቻቸው፤ ቱቦው በመስኮት ገባላቸው። ብዙ ቆይቶ የከንፈራቸው ጥቁረት ለቀቅ አለ። ዓይናቸው ግን ወዲያው አልተገለጠም።

ዛፉ ተቆርጦ መንገዱ የተከፈተው ሊመሽ ሲል ነው። ሰዎች ታክሲዋን ገፍተው ዳር አስያዟት። ሹፌሩ የጭነት መኪናው መወጣጫ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው በላስቲክ የተጠቀለለውን ማሽን ይዞ፣ ዳገቱን በዝናብ ተደብድቦ ወጣ።

አባትየው በዚያ ቀን አልሞቱም። ሐኪሟ ግን አልሸሸገችውም። «አየር ያጡበት ጊዜ ልባቸውን ጎድቶታል» አለችው። ቤት ሲመለሱ ከአልጋ መውረድ ቀረ፤ ቀልዱም አብሮ ቀረ።

መካኒኩ ሞተሩን ሲፈታው ዋናው ዘንግ የሚያርፍባቸው ብረቶች ተበልተዋል። የድሮዋን ፑሊ ከመደርደሪያ አውርዶ አገላበጣት።

«ይቺ መሃሏ ላይ ላስቲክ ነበራት» አለ ቀስ ብሎ። «የዘንጉን መንቀጥቀጥ የምትውጠው እሷ ነበረች። የገጠምንልህ ድፍን አሉሚኒየም ነው፤ ይህን ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።» ፑሊዋን ወደ መደርደሪያው መለሳት። «ስለ ማሽኑ ብትነግረኝ አልገጥምልህም ነበር።»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለ ሹፌሩ።



ሹፌሩ ወደ ተራው አልተመለሰም። ማሽኑ ያለበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይውላል። አምፖሉ ትንሽ እንደቀነሰ ብድግ ይላል፤ ምግብ አይወርድለትም። አንድ ቀን አባቱ አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ ዳገቱን፣ የተራ አስከባሪውን ሳቅ፣ ፑሊዋን፣ ቀይዋን መብራት። መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው።

አባትየው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ጨረስክ?» አሉት።

«አዎ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ትራሴን ቀና አድርግልኝ።»

ቀና አደረገላቸው። ስለዚያ ቀን ሁለቱ ዳግመኛ አላነሱም። ይቅር ብለውት ይሁን ለመናገር ደክመው እሱ እስከ ዛሬ አያውቀውም።

አባትየው ያረፉት ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ፀሐያማ በሆነ ጠዋት ነው። መብራት አልጠፋም ነበር። ማሽኑም እየሠራ፣ ኦክስጅኑን ለማይተነፍስ ሰው እየላከ ነበር። ሹፌሩ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን አልታዘዝ አለው። ሚስቱ መጥታ አጠፋችው።