ውሃውን የሰጠኋት እኔ ነኝ

እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ መርሳ። ቄስ እናቴን ሊያቆርቡ ቤታችን መጡ፤ እኔም ዋሸኋቸው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም፤ ለንስሐ አባቴም ቢሆን።

እናቴን ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት መልሰዋት ነበር። የቀራት ምኞት አንድ ነው፤ ቆርቦ መሞት። ቄሱ ቅዳሜ መጥተው ናዘዟትና «ከአሁን ወዲህ እህል ውሃ እንዳትቀምሺ፤ ነገ ቅዳሴው እንዳበቃ እናመጣልሻለን» አሏት።

ንጋት ላይ በትኩሳት እየቃዠች «ውሃ» አለች። በማንኪያ ሰጠኋት፤ ደገምሁላት። ረስቼ ነው አልልም፤ አልረሳሁም። የከንፈሯን መሰነጣጠቅ ማየት አቃተኝ። ስትነቃ ምንም አታስታውስም።

አብራን ያደረችው ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ ግን አይታኛለች።

«ለቄሱ ንገራቸው» አለችኝ።

«ከነገርኋቸው ይመለሳሉ። የተቀደሰው ቁርባን ደግሞ ለነገ አያድርም።»

«አንተ! ጋዜጠኛ ነኝ ብለህ ሰው ስትጠይቅ አይደል የምትውለው? ጠይቃቸዋ! እኛ ዘንድ እንኳ ለበሽተኛ ይቀልላል፣ ወላሂ።»

ይህን ስትል ቃጭል ተሰማ። ወደ ደጅ ወጣሁ።

ባጃጆቹ ሞተራቸውን አጥፍተዋል። ብርቱካን ደርድረው የሚሸጡት ሙስሊሞች ከተቀመጡበት ተነሥተዋል። ከወልድያ የመጣው አውቶቡስ አስፋልቱ ዳር ቆሟል፤ ጡሩንባ የነካ የለም። ቄሱ ጥላ ተይዞላቸው፣ የያዙትን በመጎናጸፊያ ሸፍነው፣ ቀኝ ግራ ሳያዩ፣ ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ይመጣሉ። ዲያቆኑ ጽዋውን ይዞ ይከተላል። በሥራዬ ብዙ ትልልቅ ሰዎች ሲያልፉ ቆሜ ዘግቤአለሁ። ያን ቀን ግን አቧራው ላይ ተደፋሁ።

እንዲህ የፈራሁትን፣ እንዲህ የሰገድሁለትን፣ ተነሥቼ በፊቱ እንዴት ዋሸሁ?

«ከአፏ የገባ ነገር አለ?» አሉኝ በሩ ላይ።

«የለም፣ አባ።»

እትዬ ዘሀራ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ወደ ጓሮ ወጣች።

ያለ ሰው እርዳታ መገላበጥ የማትችለው እናቴ፣ ቄሱ ደፉን ሲሻገሩ ተነሥታ ተቀመጠች። ማንም አልደገፋትም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለሞት የተቃረበ ሰው ውሃ ቢቀምስም እንደማይከለከል ከዓመታት በኋላ ከሌላ ካህን ሰማሁ። ያን ጠዋት አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ምንም ሳይደበቅ በቆረበች ነበር። መጠየቅ እንጀራዬ ሆኖ ሳለ አልጠየቅሁም። የልጅ ፍቅር ነው፣ ድካም ነው እያልሁ ራሴን ሳባብል ኖሬአለሁ። አይደለም። ዋሸሁ፤ በእርሱ ፊት ቆሜ ዋሸሁ። ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ይቅር በሉኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። እናቴን እንዳልጠይቃት ማክሰኞ ዐረፈች።

ከቆረበች በኋላ ዲያቆኑ የቅዳሴ ጠበል ሰጣት። ተጎነጨችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያዬ ውሃ ነው» አለች።