የመበለቷ የባቡር ካርድ

ቦርባላ በየዓመቱ ጥር ሲጋመስ ወደ ባቡር ጣቢያው ቢሮ ትሄድና አንዲት ወረቀት ላይ ትፈርማለች። ወረቀቷ አጭር ናት፤ «ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ሌላ ባል አላገባሁም» ትላለች። ይህን ከፈረመች ካርዷ ለአንድ ዓመት ይታደስላታል። የሟች የባቡር ሠራተኛ ሚስት ናትና፣ በዚያ ካርድ ከሃንጋሪ ተነስታ የአውሮፓ የብስ እስኪያልቅ ድረስ ያለ ቲኬት መሳፈር ትችላለች። ባል ያገባች ዕለት ግን ካርዱ ይወሰዳል። ሕጉን ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ መበለት ሆኖ እንደማያውቅ ግን እምላለሁ።

ከመስኮቱ ኋላ የምትቀመጠው ዮላን ሰባት ዓመት ሙሉ ቀልዷን አልቀየረችም።

«እትዬ ቦሪ፣ ዘንድሮም ጠያቂ ጠፋ?»

«ጠያቂማ ሞልቷል። ከባቡር የሚበልጥ ነው የጠፋው።»

ባሏ ጌርጌይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ እጀታው ረጅም የሆነ መዶሻ ይዞ፣ ጣቢያ የቆመውን ባቡር የብረት እግር እየመታ በድምፁ ብቻ ስንጥቁን የሚለይ ሰው ነበር። ወደ ቪየና የሚሄደውን፣ ወደ ሚላኖ የሚሄደውን ሁሉ መትቶና አዳምጦ ሸኝቷል። ራሱ ግን ከቡዳፔስት ወዲያ አልፎ አያውቅም። ጡረታ ስወጣ እንሄዳለን ይላት ነበር። ጡረታ ወጣ፤ በአራተኛው ወር ሞተ።

ቦርባላ ያን ጊዜ ስድሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ዓመት ሐዘኗን ከጨረሰች በኋላ የጀርባ ቦርሳ ገዝታ ብቻዋን ወጣች። ፈጣኖቹ ባቡሮች ለወንበር ተጨማሪ ስለሚያስከፍሉ በየመንደሩ የሚቆመውን ትሳፈራለች፤ ሌላው በአንድ ቀን የሚደርስበት እሷ ሦስት ቀን ይፈጅባታል። የተቀቀለ እንቁላል፣ ቋሊማና ራሷ የጋገረችውን ፖጋቻ፣ ያቺን ጨው የበዛባትን ትንሽ ዳቦ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ትይዛለች። የምታድረው ስምንት አልጋ በሚደረደርበት የወጣቶች ማደሪያ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ያፍሯታል፤ ውሎ አድሮ ግን ቁልፋቸው የተላቀቀ ሱሪ ይዘው ይመጣሉ። ወጥ ቤት ገብታም መንገደኛ ሁሉ ትቶት ከሄደው መኮሮኒና ዘይት ምሳዋን ትሠራለች።

ከተማችን ይህን ሁሉ ለጌርጌይ ብላ እንደምታደርገው ነው የሚያምነው። «ያላየውን እያየችለት ነው» ይላሉ ሴቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው። ቦርባላም አታርማቸውም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በልጅነቷ ለስድስት ወንድሞቿ፣ ስታገባ ለጌርጌይና ለአማቷ፣ ሥራ ስትይዝ ደግሞ ለሁለት መቶ ተማሪ ሾርባ ስትቀቅል ኖራለች። ባቡር ላይ ግን «ዛሬ ምን አለ?» የሚላት የለም። በመስኮቱ በኩል የሰው አገር ማሳ ሲያልፍ፣ ዓለም ላይ የማንም አለመሆን ምን ያህል እንደሚያሳርፍ የገባት ያኔ ነው። ይህን አፍ አውጥታ ብትናገር ሙት የረሳች ያሰኛታል። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ጎረቤቷ ቬንሴል የሸክላ ምድጃ ሠሪ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው። በዚህ ከተማ ክረምት ሲገባ ሰው ሁሉ ጀርባውን የሚያስጠጋበት ምድጃ ግማሹ የእሱ እጅ ሥራ ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ ፕለም በሚለቀምበት ሰሞን፣ አጥሩን ደገፍ ብሎ ቆመ።

«ቦርባላ፣ ሁለት ቤት ማሞቅ ምን ይሠራል? አንድ ምድጃ ይበቃን ነበር።»

«ሊያገቡኝ ነው ወይስ ማገዶ ሊቆጥቡ?»

«ሁለቱንም።»

ሳቀች። ከዚያ የካርዱን ነገር ነገረችው። ቬንሴል ባርኔጣውን አወለቀ።

«ለሌላ ወንድ ብለው የተዉኝ ሴቶች አሉ» አላት። «ለባቡር ተብዬ ስተው ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያኮርፍ ነበር። እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትሄድ ቦርሳዋን በብስክሌቱ ጭኖ ጣቢያ ያደርሳታል፤ ስትመለስም ባቡሩ ሳይገባ ደርሶ ይጠብቃታል። የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ አገር ሰው ቤቱን በምን ያሞቃል? ፖርቱጋሎች ክረምቱን በብርድ ልብስ እንደሚያሳልፉት የነገረችው ዕለት «ምን ዓይነት ጉድ ነው» እያለ አንድ ሳምንት ሲያዝን ሰነበተ። ማታ ማታ በአጥሩ ላይ ያወራሉ፤ ከዚያ እሱም ወደ ቤቱ፣ እሷም ወደ ቤቷ። በእኔ ግምት ሁለቱም በዚያ አጥር ደስተኞች ነበሩ።

ዘንድሮ በመስከረም ማለቂያ ቦርባላ ወደ ፖርቶ ሄዳ ሦስት ሳምንት ቆየች። ተመልሳ ከባቡሩ ስትወርድ ቬንሴል አልነበረም። ብስክሌቱንም ፈለገች፤ የለም። ዮላን ከቢሮዋ ወጥታ ስትመጣ አየቻትና ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እትዬ ቦሪ፣ አቶ ቬንሴል ሆስፒታል ናቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው።»

«ዘጠኝ ቀን? ለምን አልነገራችሁኝም?»

ዮላን አንገቷን ደፋች። «ማን ይንገርዎት? እኛስ ምናቸው ነው ብለን እንደውል?»

ቦርባላ ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። በሩ ላይ አንዲት ነርስ አስቆመቻት፤ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ደክሟት ነበር።

«ምናቸው ነዎት?»

ቦርባላ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ጎረቤቱ ነኝ» አለች።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የሆስፒታል ደንብ ግን ተረት አያውቅም።

«ይቅርታ እትዬ፣ እዚህ ክፍል የምናስገባው ዘመድ ብቻ ነው። ደግሞም ሐሙስ ይሄዳሉ።»

«የት?»

«ከኦስትሪያ ድንበር አጠገብ። የወንድማቸው ልጅ የአረጋውያን መኖሪያ አስይዛላቸዋለች። እዚህ የሚያነሳና የሚያስተኛቸው ሰው የለም ብላለች።»

«እኔ አለሁ።»

ነርሷ ቦርሳዋን፣ ጭቃ የያዘውን ጫማዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሚስታቸው ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።»

ቦርባላ በበሩ መስታወት አሻግራ ተመለከተች። ያ የሸክላ ክምር በአንድ እጁ የሚያነሳ ሰው ትራስ ተደግፎ፣ አፉ ወደ ቀኝ ተጣሞ፣ ግድግዳውን እያየ ነበር። የአገሩ ዳር ላይ፣ ማንም በማያውቀው ቤት፣ እንደዚሁ ግድግዳ እያየ እንደሚሞት ታያት። ለሐሙስ የቀረው ሦስት ቀን ነው።

በነጋታው ጠዋት ካርዱን ከጃኬቷ የውስጥ ኪስ አውጥታ የዮላን መስኮት ላይ አስቀመጠችው።

«ሊታደስ እኮ ገና ሦስት ወር አለው» አለች ዮላን።

«ለማሳደስ አልመጣሁም። ልመልስ ነው።»

ዮላን ካርዱን አልነካችውም። «ከተቀበልኩዎት በኋላ መልሼ ልሰጥዎት አልችልም። መጀመሪያ ሰውየውን ይጠይቋቸው እንጂ። እምቢ ቢሉስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉዎታል።»

«ይበሉ። እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ ዮላን። ካርዱ ኪሴ ውስጥ እያለ ከሄድኩ ከበሩ ላይ እመለሳለሁ።»

ፈረመች። ስትወጣ የሁለት ሰዓቱ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ነበርና በሌላ በኩል ዞራ ሄደች።

ለነርሷ «እጮኛው ነኝ» አለቻት፤ አምስት ደቂቃ ተፈቀደላት። ቬንሴል ሲያያት ዓይኑ እንባ ሞላ። ቃል አንድ በአንድ ነው የሚወጣለት። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ያሰበችውን ሳታሽሞነሙን ነገረችው፤ ነገ እንፈራረማለን፣ ሐሙስ ቤት ትገባለህ አለችው። አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር።

«አይሆንም» አለ።

«ለምን?»

«ሾርባ… እጠይቅሻለሁ። በየቀኑ። አንቺ የሸሸሽው… ከሾርባ ነው። ለጌርጌይ… አይደለም።»

ቦርባላ ደነገጠች። ሰባት ዓመት ለማንም ያልተነፈሰችውን ይህ ሰው በአጥር ማዶ ሆኖ ሲያውቀው ኖሯል፤ አውቆም ቦርሳዋን ጣቢያ እያደረሰ ሸኝቷታል። ከዚያ በፊት አዝናለት ነበር፤ የወደደችው ግን ያን ሰዓት ነው።

«ካርዱን መልሻለሁ» አለችው።

ቬንሴል ዓይኑን ጨፈነ። እንባው በደህናው ጉንጩ በኩል ወረደ።

«ሞኝ» አላት። እሺታው ይኸው ነበር።

ሐኪሙ ጋብቻው ሳይዘገይ እንዲፈጸም ደብዳቤ ጻፈ፤ የወንድሙ ልጅም በስልክ ተስማማች፤ እውነት ለመናገር ሸክም ነው የወረደላት። ረቡዕ ከሰዓት የከተማው መዝጋቢ አልጋው አጠገብ ቆሞ አፈራረማቸው፤ ያቺ ነርስና ጓደኛዋ ምስክር ሆኑ።

ሐሙስ አምቡላንሱ ወደ ድንበሩ ሳይሆን ወደ ሰፈራችን መጣ። ሐዲዱን ሊሻገር ሲል የማቋረጫው አግዳሚ ብረት ወረደና ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር መጣ። ቦርባላ በትንሿ መስኮት ፉርጎዎቹን አንድ በአንድ ሸኘቻቸው፤ የመጨረሻው ካለፈም በኋላ ፊቷን ቶሎ አልመለሰችም።

«ትቆጪያለሽ?» አላት ቬንሴል ከተኛበት።

ልትዋሸው ትችል ነበር፤ የታመመ ሰው ነው፣ ማንም አይፈርድባትም። ግን ሁሉን የሚያውቅባትን ሰው መዋሸት ምን ይጠቅማል?

«አዎ» አለችው። «በጣም እቆጫለሁ። ዕድሜ ልኬንም እቆጭ ይሆናል። ግን እዚያ በር ላይ ቆሜ ጎረቤቱ ነኝ ካልኩ ወዲህ፣ የትም ብሄድ ያቺን ቃል ይዣት ነው የምሄደው።»

አግዳሚው ተነሳ፤ ሾፌሩም ሞተሩን አስነስቶ ተሻገረ።