ራሱ የጠቆረው ወፍ

እንደ ፈረንጆቹ በ2000ዎቹ ማለቂያ ላይ፣ ሬኒየር ቢች በሚባለው የሐይቅ ዳር ሰፈራችን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ወፍ ከሚቆጥሩት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነበርኩ። የእኔ ድርሻ ማጣራት ነው። አንድ ሰው ያልተለመደ ወፍ አየሁ ካለ እጠይቀዋለሁ፣ አፋጥጠዋለሁ፣ ካመንኩት እፈርምለታለሁ። ሥራው ጠርጣራ ሰው ይፈልጋል፤ በዚህ እንኳ እኔን የሚያህል አልነበረም።

አንድ ሰው ላይ ግን አቃተኝ። አባባ የምላቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ የሰፈሩን ልጆች በቫን ትምህርት ቤት የሚያመላልሱ። ልጄም የምትሄደው ከእሳቸው ጋር ነው። ቆጠራውን ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ዓመት ሐይቁ ዳር ራሱ ጥቁር የሆነ ነጭ ወፍ አየሁ ብለው ጻፉ። በብርዱ ወራት እዚያ ያሉት ነጫጭ የውሃ ወፎች ራሳቸውም ነጭ ነው፤ ጥቁር ራስ ያለው የሚመጣው ከስንት አንዴ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መውጫ አላሳጣውም ነበር? አባቴ የሚሆኑትን ሰው "በርግጥ አይተዋል?" ማለት ግን ውሸታም ማለት መሰለኝ። ሳልጠይቅ ፈረምኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቆጠራው አስተባባሪ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ሌላ ማንም አላየውም፣ ቦታውን ሄደሽ እዪ አለችኝ። አባባ "የተጣመመው የመብራት ምሰሶ ሥር" ብለው ጽፈዋል። ሄድኩ። ያለው ምሰሶ አንድ ብቻ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሥሩ ነጫጭ ወፎች ተኮልኩለው ዝናብ ይመታቸዋል። አንድም ጥቁር ራስ የለም።

ከሰዓት ልጆቹን ሊያመጡ ሲወጡ ደረስኩባቸው። የቫኑን ሞተር አስነስተዋል።

"አባባ፣ ስለዚያች ወፍ እስቲ ይንገሩኝ" አልኩ።

"እሷማ ጉድ ናት ልጄ። ፓርክ አድርጌ ሳያት ራሷ ጥቁር። እና፣ እግሯን ልይ ስል ደግሞ እግሯ ጠቆረ፣ ራሷ ነጭ ሆነ።" ደስ ብሏቸው ነበር የሚያወሩት።

የሚጠቁረው ወፉ አልነበረም፤ ዓይናቸው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ነው። ቀጥ ያለውን ምሰሶም ያጣመመው ዓይናቸው ነው። ያን ቀን ብጠይቃቸው ያን ቀን ይነግሩኝ ነበር። እኔ ግን ጨዋ ልሁን ብዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን በየጠዋቱ እዚያ ቫን ላይ አሳፍሬያለሁ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ፈራሁ።

"አባባ፣ ሞተሩን ያጥፉት" አልኳቸው። "ልጆቹን እኔ አመጣለሁ። እርስዎ ዓይንዎን መታየት አለብዎት።"

መሪውን ለቀቁ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ዘረጉልኝ።

"ያንቺን ልጅ በመስታወት ሳያት ፊቷ አይለይልኝም" አሉ። "አዝና አቀርቅራ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ቤታችሁ ሰላም የሌለ መስሎኝ፣ እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነው ያልጠየቅኩሽ።"