ምልክት ላይ ምልክት

ታናሽ ወንድሜ የመርከብ ሞተር ሠራተኛ ሆኖ ሲቀጠር ከሚሴ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ወንዝ ቢሉን ቦርከናን ብቻ የምናውቅ ሰዎች ነን። እናታችን ግን የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ "መርከቡ የማን ነው?" እሱም የአንዲት ደሴት አገር ስም ጠራላት፤ ባንዲራዋ መርከቡ ላይ እንደሚውለበለብ ነገራት። "አልሃምዱሊላህ፣ ባለቤት ያለው ነው" ብላ መርቃ ሸኘችው።

ባለቤት ያለው! ይህች ቃል እስካሁን ታንገበግበኛለች።

በሁለተኛው ዓመት መርከቡ አንድ የዓረብ ወደብ ላይ ነዳጅ ጨርሶ ቆመ። ባለንብረቶቹ ስልክ ማንሳት አቆሙ። ካፒቴኑ ስንቅ ላምጣ ብሎ እንደወረደ ቀረ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ሄዱ። የወደቡ ሹማምንት ደግሞ ሰው የሌለበት መርከብ አደጋ ነው አሉና የመጨረሻውን ሰው፣ ወንድሜን፣ ፓስፖርቱን ይዘው አስቀሩት። ባለቤቱ ተተኪ እስኪልክ መውረድ አይችልም። በዚሁ መሃል እናቴ ታመመች። ሐኪሙ ብዙ እንደማትቆይ ነገረኝ፤ የእሷ ዱዓም "ያ አላህ፣ ልጄን ሳላይ አትውሰደኝ" ብቻ ሆነ።

የእናቴን ወንድም አማከርኩት። አጎቴ ባቲ ገበያ በግመል ድለላ ያረጀ ሰው ነው። እዚያ ግመል የሚታወቀው በጋለ ብረት በተተኮሰበት ምልክት ነው። ግመል የሰው ማሳ ቢያበላሽ ምልክቱ ታይቶ ወደ ጎሳው ይኬዳል፤ ጎሳውም አይመለከተኝም አይልም። ስለዚህ ነገሩ ለአጎቴ ቀላል ነበር።

"ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምልክቱ የደሴቲቱ አይደል? በቃ እነሱን ጠይቂ፤ ልጁን ያወርዱታል" አለኝ።

እኔም አምኜ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ። ኤምባሲ የላቸውም። መርከብ የሚመዘግበውን ቢሯቸውን በስልክ አገኘሁት፤ ያለው ደሴቲቱ ላይ ሳይሆን በሌላ አህጉር፣ አንድ ፎቅ ላይ ነው። ስልኩን ያነሳችው ሴት ትሕትናዋ ያስጠላ ነበር። መርከቡ በእርግጥ እነሱ ዘንድ እንደተመዘገበ አረጋገጠችልኝ። "ታዲያ ወንድሜን አስወርዱልኝ" ስላት ባለቤቱን እንዳነጋግር መከረችኝ። ባለቤቱስ? በሦስተኛ አገር የተመዘገበ፣ ስልክ የሌለው የድርጅት ስም! ያች ደሴት መርከቡን በዓይኗ አይታው አታውቅም። ባለንብረቶቹ ግብሩ እንዲቀልላቸው፣ ስለ ሠራተኛ የሚጠይቃቸው እንዳይኖር ባንዲራዋን ተከራይተው ነው። ይኼ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት ሕጋዊ ሥራ ነው እኮ!

ወንድሜ በስልክ ሌላም ነገር ነገረኝ። በመርከቡ ኋላ ከተጻፈው ስም ሥር፣ ቀለሙን ገፍተው የቀድሞው ስም ፊደላት ይታያሉ። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ከተቀመጠበት ተነሳ።

"ምልክት ላይ ምልክት? ወላሂ የተሰረቀ ነው! ባቲ ቢሆን እንዲህ ያለ ግመል የነዳ ሰው እንዲሁ አይለቀቅም!"

ከዚያ ወዲህ ስለ ደሴቲቱ ጠይቆኝ አያውቅም።

እናቴ ዓይኗን በር ላይ እንደተከለች አረፈች። ለወንድሜ የደወልኩለት እኔ ነኝ። እሱ የደረሰው መርከቡ ተሽጦ፣ እሷ ከተቀበረች በኋላ ነው።

አጎቴ ሐዘኑን እንዲረሳ ብሎ አንድ ሰኞ ባቲ ወሰደው፤ እኔም ተከተልኩ። ከግመሎቹ መሃል አንዱ ታፋው ላይ በነበረ አሮጌ ምልክት ላይ አዲስ ምልክት ተተኩሶበት አየን። አጎቴ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ፣ ሻጩ ተያዘ፣ አሮጌውን ምልክት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ተጠርተው የእውነተኛው ባለቤት ጎሳ ተለየ። ምሳ ሰዓት እንኳ አልደረሰም ነበር።

ወንድሜ ፈዞ ቆሟል።

"አጎቴ፣" አለ፣ "መርከቡን የገዙት ሰዎች የሌላ አገር ባንዲራ ይዘው መጡ። ስሙን ቀይረህ ጻፍና ትወርዳለህ አሉኝ። እማ ታማለች፣ ቶሎ ልድረስላት ብዬ በገመድ ተንጠልጥዬ ሦስተኛውን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመርዶው ስልክ የተደወለው እየጻፍኩ ሳለሁ ነው።"

አጎቴ እጁን ይዞ ከግርግሩ አወጣው። የግመሉን ሻጭ ፖሊስ ወሰደው። ያ መርከብ ግን ወንድሜ በእጁ በጻፈው ስም ዛሬም ባሕር ላይ ይሄዳል።