ነጭ ጨርቅ የለበሰው መጽሐፍ

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የማስታምማቸው አይሁዳዊ አዛውንት ዓይናቸው ጨርሶ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። በቤቱ ካለው ዕቃ ሁሉ የሚሳሱለት አንድ መጽሐፍ ነው። ማተሚያ ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የታተመ የኦሪት ትርጓሜ ነው፤ ያዘጋጁትም ካባላ የሚባለውን የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት የሚያውቁ ሊቃውንት ናቸው። ዳር ዳሩ ላይ የአባታቸውና የአያታቸው የእጅ ጽሑፍ አለ። ዓርብ ዓርብ ሰንበት ከመግባቱ በፊት አቀብላቸዋለሁ። ይስሙትና ገጹን በጣታቸው እየዳበሱ በቃላቸው ይወጡታል። እኛም አንድምታ የሚባል ትርጓሜ እንዳለን ስነግራቸው "ታዲያ ዘመዳሞች ነና!" ብለውኝ ነበር።

መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ራቁቱን መቀመጡ ግን አይዋጥልኝም። አባቴ ዳዊቱን በጨርቅ ሳይጠቀልል አስቀምጦ አያውቅም። አንድ ሐሙስ መደርደሪያውን ስወለውል በነጭ የነጠላ ቁራጭ ጠቀለልኩትና፣ ጽዳቱን እስክጨርስ አቧራ እንዳይነካው በሩ አጠገብ ካለው ካርቶን ላይ አኖርኩት። ካርቶኑ ውስጥ ያሉት የተቀደዱ የጸሎት መጻሕፍት ስለሆኑ ቦታው የሚገባው መሰለኝ። አይሁዶች ያረጀ ቅዱስ መጽሐፍ አይጥሉም፤ እንደ ሰው መቃብር ቆፍረው ይቀብሩታል። የምኩራባቸው ሰው ካርቶኑን ሊወስድ ሲመጣ እኔ መጽሐፉን ወደ ቦታው መመለሱን ረስቼ፣ ሰዓቴም ደርሶ፣ ትራፊኩ ሳይበዛ ልውጣ ብዬ ማድቤት ውስጥ እየተጣደፍኩ ነበር።

"ሁሉንም ልውሰደው?" አለኝ።

"አዎ፣ ሁሉንም" አልኩት፣ ዞር ብዬ እንኳ ሳላይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ "መጽሐፌን" ሲሉኝ ነው። ክው አልኩ። እውነቱን መናገር ሲገባኝ ፈራሁ። ከታችኛው መደርደሪያ መጠኑ የሚመሳሰል አሮጌ መጽሐፍ መዝዤ ሰጠኋቸው። ፊደላቸውን አላውቅም፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ሳሙት፣ ገለጡት፣ ከወትሮው አሳጥረው ጸለዩና መለሱልኝ። ዓይነ ስውር ሰው ማታለል እንዲህ ቀላል መሆኑ ራሴን አስጠላኝ።

ቤቴ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ነው። እንደገባሁ ለእህቴ ነገርኳት።

"ፓኒክ አታድርጊ፤ ምኩራቡ ጋ ኮል አድርጊ" አለችኝ።

ደወልኩ። ሰንበት ገብቷል፤ ስልኩን የሚያነሳ ሰው የለም። የተቀዳው ድምፅ ብቻ የመጻሕፍቱ ቀብር እሑድ ጠዋት በምኩራቡ መካነ መቃብር መሆኑን ይነግረኛል። ቅዳሜን ሙሉ እየደወልኩ ያንኑ ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን ሰዓት በጨመረ ቁጥር ይከብደኝ ጀመር። የሦስት ትውልድ እጅ ያረፈበት መጽሐፍ በእኔ ምክንያት አፈር ሊገባ ነው!

እሑድ ጠዋት ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና እንዴት እንደነዳሁት አላውቅም። መቃብሩ ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ካርቶኖቹም ወርደዋል። ያ ካርቶኑን የወሰደው ሰውዬ አካፋ ይዟል።

"ኧረ በእግዚአብሔር ቁሙ!" ብዬ የጮህኩት በአማርኛ ነበር። ደንግጦ አካፋውን ጣለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከካርቶኖቹ በአንዱ ላይ ነጠላዬ ይታየኛል።

"በነጭ ተጠቅልሎ ሳየው ቤተሰቡ በክብር ሊቀብረው የፈለገ መስሎኝ ነበር" አለኝ፣ ወርዶ እያወጣልኝ። የእነሱም ሬሳ በነጭ ጨርቅ እንደሚገነዝ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ላከብረው ያለበስኩት፣ ለእሱ መግነዝ ነበር።

በቀጥታ ወደ አዛውንቱ ቤት ነዳሁ። መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አኖርኩና እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከሥራ እንደሚያባርሩኝም አልተጠራጠርኩም። ቀስ ብለው ጨርቁን ፈቱ። የአባታቸውን ጽሑፍ በጣታቸው ፈልገው አገኙት።

"የዓርቡ የባለቤቴ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነበር" አሉኝ። "እስካሁን ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "እያወቁ ነው የሳሙት? ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ስታቀብዪኝ እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር" አሉኝ።